ወደ አሜሪካ ዳገት ነው እንዴ?

"ስንት ሰዓት ነው የሚፈጀው?"

ቪዛዋ በተመታ ማግስት እማዬ ደውላ የጠየቀችኝ ይሄንን ነው። ልታርሰኝ ልትመጣ ነው። እኔ ያኔ ሆዴ ገፍቶ ሶፋ ላይ ተጋድሜያለሁ፣ ላፕቶፑ ጭኔ ላይ አለ፣ የሁለት ኤርፖርት ስም ስታስገቡላቸው ርቀትና ሰዓት ከሚነግሯችሁ ድረ ገጾች አንዱን ከፈትኩ። ከቦሌ፣ ወደ ደለስ። (ደለስ የዋሽንግተኑ ነው። ዳላስ ደግሞ ቴክሳስ ነው። ሁለቱም ጋ ሐበሻ ስለሞላ ትኬት ስትቆርጡ ፊደሏን ደግማችሁ እዩአት።) መልሱ ወዲያው መጣ፤ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 13 ሰዓት።

"13 ሰዓት" አልኳት በሙሉ ልብ።

"እሰይ! የጎረቤታችን ልጅ እኮ 17 ሰዓት ነው ብላ አስፈራርታኝ ነበር።"

ትኬቱን ልቆርጥ ስገባ ነው ጉዱን ያየሁት። መሄጃው ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። የጎረቤት ልጅ ልክ ናት። መመለሻውን ሳየው ደግሞ 13 ይላል። ይኸው ድረ ገጹም ልክ ነው፣ ግማሹን ብቻ። ያው ሁለት ኤርፖርት፣ ያው ርቀት፣ ግን ሲሄዱና ሲመለሱ የአራት ሰዓት ልዩነት። ለአራት ሰዓት እኮ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ይደረሳል።

እንደገና ደውዬ አመንኩላት። ትንሽ ዝም አለችና፣ "እንግዲህ ወደ አሜሪካ ዳገት ነው በይኛ" አለች።

ሳቅኩባት። ባሌም ሳቀ። ማታ ላይ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ነፍሰ ጡር ድሮስ መች ትተኛለች፣ ተነስቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሳነብ ሳነብ ሳቄን ዋጥኩት። እማዬ ግማሹን አግኝታዋለች። ገለበጠችው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ደለስ 95 ሜትር ቢሆን ነው። በእግር ለሚሄድ ሰው ወደ አሜሪካ ቁልቁለት ነው ማለት ነው። ለአውሮፕላን ግን ከባዱ ነገር ከፍ ካለ ቦታ መነሳቱ ነው። አዲስ አበባ አየሩ ስስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድለዋል። እኛ ይሄን ነገር የምናውቀው በሯጮቻችን ነው፣ እንጦጦ ላይ ሠርተው ስሱን አየር ለምደው ቆላ ወርደው ሰውን ሁሉ ጥለው ይሄዳሉ። አውሮፕላን ግን ልምምድ ብሎ ነገር አያውቅም። ክንፉን የሚያነሳው አየር ነው፣ ሞተሩም የሚበላው አየር ነው፣ አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም አቅም ያንሳቸዋል። ስለዚህ ከመሬት ለመላቀቅ ከሌላው ቦታ የበለጠ በፍጥነት መሮጥ አለበት። ለመሮጥ ደግሞ ረጅም አስፋልት ይፈልጋል፤ የቦሌው ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ እሱም ማለቂያ አለው። ጎማው የሚችለው ፍጥነትም ልክ አለው። ያለው መላ አንድ ነው፤ ቀለል ብሎ መነሳት።

ምን ይቀነስ ታዲያ? ሰው እንዳይቀነስ ትኬት ተሽጧል። ሻንጣ እንዳይቀነስ… ከቦሌ የሚነሳ ሐበሻ ሻንጣ ቀንሶ ያውቃል? ሁለት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ሚዛኑ ላይ 23 ከምናምን ሲል እዚያው መሬት ላይ ተከፍቶ በርበሬው ወደ እጅ ቦርሳ የሚዛወርበት። የሚቀረው ነዳጅ ነው። የኛ ሽሮ ከነዳጁ ጋር እየተገፋፋ ነው የሚበረው ማለት ነው፣ እኔ እንዲህ ነው የገባኝ።

አውሮፕላኑ ራሱ እኮ መንገዱን አያጣውም። ድሪምላይነር የሚባለው፣ ትንሹ 787-8 እንኳ፣ በወረቀት ላይ 13,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ከ120 ሺህ ሊትር በላይ ነዳጅ የሚይዝ ጋን ተሸክሞ፣ 228 ቶን ያህል ሆኖ መነሳት ይችላል። 11,560 ለሱ ምንም አይደለም። ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ ከ15,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ አውሮፕላን ሳይቆሙ ከ18 ሰዓት በላይ ይበሩታል። ሲንጋፖር ግን የምትነሳው ከባሕሩ አጠገብ ነው፣ አየሩ ወፍራም፣ እንደልብ። ቦሌ ላይ ያ ሁሉ ጋን ተሞልቶ፣ ያ ሁሉ ሰውና በርበሬ ተጭኖ መነሳት አይቻልም።

በዚህ ላይ ነፋሱ አለ። ከላይ፣ አውሮፕላን የሚሄድበት ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ እንደ ወንዝ ያለ ኃይለኛ ነፋስ አለ፣ ጄት ስትሪም ይሉታል። አንዳንዴ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ከኋላ ያግዛችኋል። ስለዚህ ብዙ ነዳጅ የሚጠይቀው መንገድ የሚነሳው ብዙ ነዳጅ መያዝ ከማይቻልበት ኤርፖርት ነው። ሲመለሱ ደግሞ ከደለስ፣ ከዝቅተኛው፣ ጋኑን ሞልቶ ይነሳል፣ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል፣ 13 ሰዓት ሳይቆሙ ቦሌ። ሁለቱም ነገር ለመመለሻው አደላ። እማዬ ይሄን ስነግራት "ለሀገር ሲሆን እግዜርም ያግዛል" አለች፣ እኔም ዝም አልኩ።

ለዚህ ነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ መሀል ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ሲቆም የኖረው። ድሮ ሮም ነበር። እማዬ ስትመጣ ደብሊን ነበር፣ አየርላንድ።

"አየርላንድ ምን ልታረግ?" አለች። እኔም ያው ጥያቄ ነበረኝ፣ ካርታ ላይ ስታዩት አየርላንድ ጥግ ላይ ናት፣ ሰሜን ተሰቅላ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቻድ በናይጄሪያ አድርጎ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ባሌ ግን ገና ላልተወለደ ልጅ በቅናሽ አገኘሁ ብሎ የገዛው ሉል አለ (ልጁ መቼ እንደሚያየው እንጃ፣ ምናልባት ትምህርት ቤት ሲገባ)። ለሹራብ የገዛሁትን ክር አመጣሁና አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዤ ወጠርኩት። ክሩ ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ አልሄደም። ከአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ዞረ፣ ሱዳንን አቋርጦ ሰሃራ ላይ ወጣ፣ አልጄሪያን አልፎ ስፔንና ፖርቱጋል ላይ አረፈ፣ ከዚያ አትላንቲክ። ደብሊን ከክሩ ብዙም አትርቅም። ሒሳቡን ስሠራው፣ ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,365 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደብሊን ደለስ 5,465። ሲደመር 11,830። ቀጥታው 11,560 ነው ብለን የለ? ደብሊን ለመቆም የሚጨመረው 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም! ከአዲስ አበባ ጅማ ሄዶ እንደመመለስ አይሆንም። የሚፈጀውን ሰዓት የሚበላው ወርዶ፣ ቀድቶ፣ ተነስቶ ነው፣ ቀሪው ደግሞ ነፋሱ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ያወቅኩ ሰው ዋናው ነገር ላይ ተሳሳትኩ።

ትኬቱ መነሻውን 22:15 ይላል። ለእማዬ በስልክ መልእክት የጻፍኩላት ግን "ቅዳሜ ማታ 10፡15" ብዬ ነው። እዚህ ሀገር ስንት ዓመት ኖሬ አእምሮዬ የፈረንጅ ሰዓት ሆኗል፣ አልቀየርኩትም። እማዬ 10፡15 ስትል የምታውቀው አንድ ነው፤ የሌሊቱ 10፡15። ዶሮ ሲጮህ። ከቤት በሰባት ሰዓት እንወጣለን፣ እስከዚያ አረፍ እላለሁ ብላ ተረጋግታለች። ቅዳሜ እዚህ እኩለ ቀን ላይ፣ እዚያ ከምሽቱ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው፣ ኤርፖርት ደርሳ ይሆን ብዬ ደወልኩ።

"ገና ነው እኮ ልጄ፣ ቡና እያፈላሁ ነው። ሁለተኛው ሳይደርስ ደወልሽ።"

በሦስት ሰዓት ከሩብ ውስጥ አውሮፕላኑ ይነሳል። እሷ ሳሪስ ቡና ታፈላለች። የጮህኩት ጩኸት፣ ባሌ ምጥ መስሎት ቁልፍ ይዞ ወጣ። ወንድሜ መኪና ለማምጣት ሮጠ፣ ጎረቤቱ ተጠራ፣ ረከቦቱ እንደተዘረጋ ቀረ፣ ሸኚ ሊሆን የተዘጋጀው ሰው ሁሉ ነጠላውን ሳያገኝ ወጣ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቦሌ ገቡ። የቅዳሜ ማታ መንገድ እንዴት እንደለቀቀላቸው እስከ ዛሬ ተአምር ነው። እማዬ እስከ ዛሬ የምታዝነው ሦስተኛውን፣ በረካውን ሳትጠጣ መውጣቷን ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ለሀገር ቤት ሰው የበረራ ሰዓት ስትጽፉ ቀይሩት። ቀላል ነው። ከ22 ላይ 6 ቀንሱ፣ 16፤ 12 ስታወጡለት 4። የምሽቱ 4፡15። ከሱም ስር "እራት እንደተበላ" ብላችሁ ጨምሩበት፣ ቁጥር ይሳሳታል፣ እራት አይሳሳትም።

እማዬ መጣች። እሑድ ጠዋት ደለስ ከሻንጣ ጋሪዋ ጋር ስትወጣ ያየኋት ጊዜ… እሱን ልተወው። መኪና ውስጥ ግን ስለ በረራው ነገረችን። ደብሊን ላይ ከአውሮፕላን አልወረዱም። ቀበቶ ፍቱ ተባሉ። "ሌላ ጊዜ እሰሩ እሰሩ እያሉ የሚያስጨንቁን፣ ቆመን ሳለ ፍቱ አሉን፣ እኔ የደረስን መስሎኝ ቦርሳዬን ያዝኩ።" ነዳጅ ሲቀዳ እንደዚያ ነው፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ሰው ቶሎ እንዲወጣ። በመስኮት ስታይ ጎህ እየቀደደ ነበር። ከዚያ ተነሱ። ጠዋት ሆነ። ቁርስ መጣ። ጠዋት ነበር። ተኛች፣ ነቃች፣ ጠዋት ነበር። "ያ ጠዋት አላልቅ አለ እኮ ልጄ።"

እውነቷን ነው። ከደብሊን ጎህ ሲቀድ የተነሳ አውሮፕላን ከፀሐይ ጋር ወደ ምዕራብ እየተሽቀዳደመ ነው። በዚያ ኬክሮስ ፀሐይ መሬቱን የምታቋርጠው በሰዓት 1,070 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አውሮፕላኑ 900 ያህል ይሄዳል፣ ነፋሱ ይይዘዋል እንጂ። ፀሐይ ትቀድመዋለች፣ ግን በስንት መከራ። ስምንት ሰዓት በልተው ሲያርፉ ደለስ ላይ ገና ጠዋት 2፡15 ነው፣ በፈረንጁ 8፡15። ማታ ተነስታ ጠዋት ደረሰች፣ ለሷ አንድ ሌሊት ነው። "17 ሰዓት ያላችሁት የታለ?" ብላ ትከራከረኝ ነበር።

ሌላም አለ። እማዬ ደም ግፊት ስላላት፣ ከላይ ትንፋሽ ያጥራት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። የዚያ ድሪምላይነር ውስጡ አየር እኮ የሚጠበቀው 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ አድርገው ነው። ከሰማይ 11 ሺህ ሜትር ላይ እየበረረች ሳንባዋ የሚያውቀው ባሕር ዳር ከተማ መሆኗን ነው፣ ከሳሪስ ዝቅ ያለ። ከቤቷ ወጥታ ወደ ሰማይ ወረደች ማለት ነው፣ እንዴት ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። ሐኪሟን ግን ጠይቃ ነው የመጣችው፣ እናንተም ጠይቁ፣ የኔን ወሬ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

የሰዓቷ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። እማዬ የእጅ ሰዓቷን አልቀይርም አለች። ሀገር ቤት ስንት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ ብላ። ከዚያ በሁለተኛው ቀን "ይሄ ሰዓት እኮ እዚህም ይሠራል" አለችኝ። እንዴት ሆኖ? ሲታይ እውነቷን ነው። በጋቸው ላይ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ 6 ሰዓት ይለያል። ተጣፍተው አንድ ሰዓት ብቻ ቀረ። እዚህ ጠዋት 8 ሲሆን የሷ ሰዓት 9 ይላል፣ የሀገር ቤት ከሰዓት 9። እዚህ ማታ 9 ሲሆን የሷ 10 ይላል፣ የሌሊቱ 10። አንድ መቀነስና ቀኑን ከሌሊቱ መለየት ብቻ። እኔ ስልኬ ላይ ሁለት ሰዓት አስቀምጬ በየቀኑ ስደናገር፣ እሷ በአንድ የድሮ ሰዓት ሁለት አገር ትኖራለች። ልጁ ሐምሌ ላይ ሲወለድም ሆስፒታል ነርሷ ሰዓቱን ስትናገር እማዬ የራሷን አየት አድርጋ "አንድ ቀንሽ፣ ልክ ናት" አለችኝ። በዚያ ሰዓት!

ኅዳር ሊገባ አካባቢ፣ በፈረንጁ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሱት። ማለዳ ላይ እማዬ ኩሽና ውስጥ ቆማ ሰዓቷን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች።

"ይሄን ሰዓት ማን ነካብኝ?"

"ማንም አልነካውም እማዬ፣ እነሱ የራሳቸውን ነክተው ነው።"

"ለምን?"

ለምን እንደሆነ አስረዳኋት፣ አልገባትም፣ እኔም ሳስረዳ አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ ሁለት መቀነስ ሆነ። ለሷ ግን የአሜሪካን ኑሮ የመጨረሻው ማስረጃ ነበር፤ "ሰዓት እንኳ አርፎ የማይቀመጥበት አገር" እያለች በስልክ ለሳሪስ ሰው ሁሉ ተናገረች።

ከዚያ ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። ሲመለሱ ከረፋዱ ይነሳሉ፣ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ናቸው። እኔ ቤት ሆኜ የበረራ መከታተያውን ከፍቼ፣ ልጁን ጡት እያጠባሁ፣ ያቺን ትንሽ አውሮፕላን አትላንቲክ ላይ ስከተላት ዋልኩ። ከመሬት አንፃር የምትበርበት ፍጥነት በሰዓት 1,050 ኪሎ ሜትር ሲል አየሁ። ነፋሱ ከኋላ ገፍቷት ነው። ስትመለስ 13 ተብሎ ነበር፤ ከተነሳች እስክታርፍ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቆጠርኩ። አንድም ቦታ ሳትቆም።

ወንድሜ ስልኩን ሰጣት።

"ደረስሽ?"

"ደረስኩ። ፊልሙን ሳልጨርሰው። ቁልቁለቱ ጥሩ ነው።"

ቁልቁለት አይደለም እማዬ፣ ወደ ላይ ነው የሄድሽው፣ 2,200 ሜትር ወደ ላይ፣ ልላት ነበር። ተውኩት።

አሁን ለፋሲካ ልጁን ይዤ ልሄድ ትኬት እያየሁ ነው። ያኔ ዘጠኝ ወሩ ይሆናል። መሄጃው 13ቷ ናት፣ እሷስ ትቻላለች። የሚያሳስበኝ መመለሻዬ ነው፣ ለኔ 17ቷ መመለሻ ናት፣ ያ የማያልቅ ጠዋት ከሚድህ ልጅ ጋር። ሕፃን ይዛችሁ የሞከራችሁት ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ። ሽሮውን እንደሆን አልቀንስም።